የዝናሽ ግራ እጅ

እህቴ ዝናሽ ያረፈች ዕለት አበጀ ድንች ቀቅሎ ነበር።

የእድሩ ጥሩምባ ጠዋት ተነፋ። ጎረቤቶች ድንኳን እየተከሉ ሳለ አበጀ ባልዲውን በክንዱ አንጠልጥሎ ደጃፋችን ላይ ቆመ። ከባልዲው እንፋሎት ይወጣል። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ተያዩና አንዷ፣ «ምን ጉድ ነው፣ ይሄ ልጅ ዛሬም ሊሸጥ ነው እንዴ?» አለች። አበጀ ሰማት። እሱ ሲናገር ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው፤ አንገቱም አብሮ ይዞራል። «እሷ ናት... ሥራ... አይቅር ያለች» አላት። ባልዲውን ድንኳኑ ጥግ አስቀመጠና መሬት ላይ ተቀመጠ። ለቅሶው የመጣበት ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ስለ እህቴ ልጻፍ ብዬ ስነሣ ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከዚህ ጀመርሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ ጽሑፍ አልለመድሁም። ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ነው የምነዳው። ሰው ሲሞት ለቅሶ ቤት የሚወራው ደግነቱ ነው። ዝናሽ ደግ ነበረች ለማለት ግን አፌ ቶሎ አይታዘዝልኝም። ኃይለኛ ነበረች። ቤቷ ለገባ ሰው ወንበር የሚያቀርብለት የለም፤ ዓይነ ስውርም ቢሆን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ስቦ ይቀመጣል። «ወንበሩ አይነክስህም፣ ፈልገው» ትላለች።

ከእኔ በብዙ ትበልጣለች። አዝላ ነው ያሳደገችኝ። እኔ ገና ትንሽ ተማሪ ሳለሁ አረብ አገር ሄደች። ስትመለስ ቀኝ እጇ ከክርኗ በታች አልነበረም። «ማሽን ነው» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። ሰው ሲነዘንዛት፣ «እጄ ቀድሞኝ ሄዷል፤ ቦታ ይዞልኛል» ትልና ትስቃለች። እማዬ ይህን በሰማች ቁጥር፣ «ኧረ በእመቤቴ! አፍሽን ያዥ!» እያለች ታማትባለች።

ግራ እጅ ገበታ ላይ አይዘረጋም። ሁላችንም እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ ዝናሽ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እማዬ ታጎርሳት ጀመር። ከልቧ ነው። አጠገቧ ታስቀምጣትና ለስለስ ያለውን እየመረጠች፣ እየጠቀለለች ታጎርሳታለች፤ እማዬ ራሷ የምትበላው ሁላችን ከተነሣን በኋላ ነው። ጎረቤት ያያትና «እናት ማለት እንዲህ ነው» ይላል። ዝናሽ አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። እየጠገበች ትከሳ ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ።

የፋሲካ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገበታው ተከብቦ ሳለ ዝናሽ ግራ እጇን ዘረጋች።

«ዝናሽ! ሰው ፊት በግራ?» አለች እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቀኙ እስኪመጣ ልጠብቅ?»

አጎታችን ማኘኩን አቆመ። ዝናሽ እንጀራውን ቆረሰች፣ ከወጡ አጠቀሰች፣ በዚያች በአንዲት እጇ ቀስ ብላ ጠቀለለች። ወደ አፏ ግን አልወሰደችውም። ለእማዬ ዘረጋችላት። እማዬ እጇን አየችና ፊቷን ዘወር አደረገች። «ይቅርብኝ ልጄ፣ ጠግቤአለሁ» አለች። ገና ምንም አልቀመሰችም ነበር። ዝናሽ እጇን ጥቂት አየር ላይ አቆየችው። ከዚያ ራሷ ጎረሰችው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ወጣች።

ብዙ ተወራ። እጅ የሌላት ሴት እናቷ በሕይወት እያለች ብቻዋን! እማዬ እየሄደች ትጠይቃታለች፤ ሁልጊዜም ሊቀርብላት ሲል «ጠግቤ ነው የመጣሁ» ትላለች። ያ ቃል በሁለቱ መሐል እንደ አጥር ሆኖ ቀረ። ዝናሽ በበኩሏ ቤቷን አደራጀች። የሽንኩርት መክተፊያዋን ከሥር ምስማር መትታበት፣ ሽንኩርቱን በሾሉ ላይ ሰክታ ትከትፋለች። ያጠበችውን ልብስ በቧንቧው አንገት ጠምጥማ ትጨምቃለች። ቋጠሮ በጥርሷ ትፈታለች። አንዲት ማየት የተሳናት የጎረቤት ልጅ እየመጣች ስትሠራ ታዳምጣት ጀመር። ከዚያ እግሩ የማይሄድለት አንድ ወጣት መጣ። ከዚያ ቀበሌው ሁለት ክፍል ያለው አሮጌ ቤት ሰጣት። እንዲህ እንዲህ እያለ የእህቴ ቤት ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች መሠልጠኛ ሆነ፤ ከከተማውም ከገጠሩም ይመጡ ነበር።

ምን ታስተምራቸው ነበር ብትሉኝ፣ መኖር ነው የምላችሁ። ምድጃ ማቀጣጠል፣ ልብስ ማጠብ፣ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ተከራክሮ መግዛት፣ ለብቻ ባጃጅ መሳፈር። ሰው ከጎናቸው ያለውን ጓደኛ «ስሙ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «እኔን ጠይቀኝ» ማለትንም ታለማምዳቸዋለች። ከዚያ ለእያንዳንዱ የሚሆነውን ሥራ ትፈልግለታለች። ሥራ ሲይዝ ደግሞ ቤት ተከራይቶ እንዲወጣ ትገፋዋለች። ትገፋዋለች ያልሁት አውቄ ነው። አልቅሶ የወጣ አለ።

አንድ ሕግ ነበራት። ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች በሩ ላይ ነው የምትነግራቸው። «እዚህ ቤት ጉርሻ የለም።»

አበጀ ከድንች አገር፣ ከገሳይ ሲመጣ ጢም አውጥቶ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ አእምሮው ግን ከእኔ ይፈጥናል። እናቱ እትዬ ስንዱ ፊቱን ያጥቡታል፣ በእጃቸው ያበሉታል፣ አፉን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉለታል። የመጡ ዕለት ምሳ ቀረበ። እትዬ ስንዱ ወዲያው ጠቅልለው አነሡ።

«እትዬ፣ እጅዎን ይሰብስቡ» አለች ዝናሽ።

«ምነው ልጄ?»

«እዚህ ቤት ጉርሻ የለም ብዬዎታለሁ።»

«የእውነትሽን ነው? ኧረ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው!»

«የራበው ሰው ይበላል።»

አበጀ ያን ቀን አፉ የደረሰለት ጥቂት ነው። የቀረው ጭኑና ወለሉ ላይ ነበር። ዝናሽ መጥረጊያ ሰጠችው። እትዬ ስንዱን በባጃጄ መናኸሪያ ያደረስኋቸው እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ከኋላዬ፣ «ልጄን ለማን ሰጠሁት?» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ዝናሽ ብዙ ጊዜ አበጀ አጠገብ ተቀምጣ እጆቹን ብቻ ስታይ አስታውሳለሁ። አንድ ቀን የተቀቀለ ድንች ቆራርጣ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳሕን ውስጥ ጨመረች። ጨውና ሚጥሚጣ ነሰነሰችበትና ከድና አስያዘችው። «በል፣ ዝም ብለህ ያዘው» አለችው። ያዘው። እጁ ተንቀጠቀጠ። ስትከፍተው ጨውም ሚጥሚጣውም እያንዳንዱ ድንች ላይ ደርሷል። አበጀ በሣቅ ሊወድቅ ደረሰ። «አየህ» አለችው፣ «እጅህ ሥራ ፈትቶ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሥራ ስጠው።»

ሥራው ከዚህ ተገኘ፤ የተቀቀለ ድንች መሸጥ። የፈላ ውሃ እንዳያቃጥለው ብየዳ ቤት ሄዳ ረጅም እጀታ ያለው የሽቦ ቅርጫት አሠራችለት፤ ድስቱ ሳይነካ ድንቹ ብቻ ይወጣል። ድንች እንደሆነ የገሳይ ልጅ ይለየዋል፤ እሱ ላይ የምታስተምረው አልነበራትም።

ሁሉም ነገር መልካም እየሄደ ሳለ እትዬ ስንዱ ቤታቸው ማኅበር ደግሰው አበጀን ጠሩት። እሱም ከብዙ ወራት በኋላ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ለብቻው በሚኒባስ ሄደ። በራሱ እጅ ሲበላ ዘመዱ ሁሉ እልል አለ። የነፍስ አባታቸው ደስ ብሏቸው፣ መርቀው፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት። አበጀ አፉን ገጠመ። ከዚያ የተማረውን ተናገረ። «ጉርሻ... የለም።»

ቄሱ ጉርሻውን ይዘው ቀሩ።

በማግስቱ እትዬ ስንዱ ዝናሽ ደጃፍ ቆሙ። ቁጭ በሉ ብትላቸው እምቢ አሉ። «ራሱን እንዲችል ብዬ ሰጠሁሽ» አሏት፣ «ከሰው እንዲለይ አልሰጠሁሽም። አባታችንን በማኅበር ፊት አሳፈራቸው። ከእንግዲህ ማን ቤት ይጠራል? ማን ያቀርበዋል?»

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ዝናሽ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠችና፣ «እውነታቸውን ነው፣ ወንድምዓለም። እኔ የሸሸሁት የአንዲት እናትን ጉርሻ ነው። ሕግ ያደረግሁት ግን በሁሉም ላይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አነሣች። አብሬያት ገሳይ ሄድሁ።

ቄሱ እትዬ ስንዱ ቤት ተጠርተው መጡ። ዝናሽ መስቀል ተሳለመች።

«ጉርሻ የከለከልሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«እኔ ነኝ አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምን በድሎሽ ነው ግን?»

«ጉርሻው አይደለም አባ። መመለሻ ማጣቱ ነው። ሰው ዕድሜውን ሲጎርስ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ካላጎረሰ፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው።»

ቄሱ ከቀረበው ሽሮ ጠቅልለው ዘረጉላት። ከእማዬ ቤት ከወጣች ወዲህ ከሰው እጅ ስትጎርስ ያየሁት ያኔ ነው። ዋጠችና በተራዋ ጠቀለለች። በግራዋ። እትዬ ስንዱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«በግራ ነው አባ» አለች ዝናሽ።

«አየሁ እኮ። ሌላ የለሽም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያስ ቀኝሽ ይቺው ናት» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የቤቷ ሕግ ተለወጠ። ያጎረሰህን አጉርስ፤ በቃ። ከቤቷ ወጥቶ ለብቻው ሊኖር የሚነሣ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ማጉረስ አለበት። ለሌላው ቀላል ነው። አበጀ ግን የራሱን አፍ እንጂ የሰው አፍ አግኝቶ አያውቅም።

«በግራዬ... ይሻለኛል» አላት አንድ ቀን፣ እየፈራ።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

ፊት ለፊቱ ተቀምጣ አፏን ትከፍታለች። አገጯን ይመታል። አፍንጫዋን ይመታል። አንዴ በርበሬው ዓይኗ ገባና እየሮጠች ቧንቧ ሥር ሄደች። አበጀ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። እሷ ዓይኗን እያጠበች፣ «ዓይኔ ጠግቧል፣ አሁን ለአፌ አምጣ!» ብላ ጮኸች። ግቢው በሙሉ ሣቀ። የተሳካለት ቀን ቀስ ብላ አኘከችና፣ «በል፣ ቤት ፈልግ» አለችው። ሌላ ምስጋና አልነበራትም።

መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየ። ጠዋት ጠዋት የሚኒባስ ረዳቶች ይከቡታል። «አበጀ፣ ዛሬ ሚጥሚጣው አልተዋሐደም፣ ሞቆሃል እንዴ?» ይሉታል። እሱም ቀስ ብሎ፣ «አንተ... ሒሳብ ስትደብቅ... ንዴት... ያንቀጠቅጠኛል፣ ያኔ... ይዋሐዳል» ይላቸዋል። ዝናሽ ስታልፍ ቆማ ሰምታ፣ ሣቋን በነጠላዋ ይዛ፣ ሳያያት ትሄድ ነበር።

ከዚያ ታመመች። ጨጓራ ነው ሲባል ከርሞ ጉበት ሆኖ ተገኘ። ተሸክሜ እማዬ ቤት አመጣኋት። እንደ ድሮው እማዬ አጠገቧ ተቀምጣ ታጎርሳታለች። ዝናሽ እምቢ አላለችም። ከዋጠች በኋላ ግን ግራ እጇ አንሶላው ላይ እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል። ይነሣና ይወድቃል። «አንድ አለብኝ፣ እማዬ» ትላለች።

«ዝም በይ ልጄ፣ አንቺ ብቻ ብዪ።»

«አለብኝ።»

አበጀ ከሥራ መልስ እየመጣ አልጋዋ ግርጌ ይቀመጥ ነበር። ይህን ይሰማል፤ አንገቱን ያዞራል። እማዬም ያን የፋሲካ ቀን አላነሣችም። ልታነሣው ስትል አይቻለሁ። ከንፈሯ ይከፈትና ጉርሻ ትጠቀልላለች።

ዝናሽን ስንቀብራት ያቺ ቀልዷ ትዝ አለችኝ። እጄ ቦታ ይዞልኛል። ቦታው ደረቅ ነበር፤ ዶማው ድንጋይ እያገኘ ይጮኻል። ስለ ቀብሩ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከቀብር መልስ እማዬ አልበላችም። የእድር ሴቶች ይዘው መጡ፣ ጎረቤት አባበላት፣ እኔ ለመንኋት። ፊቷን ዘወር ታደርጋለች። ሠልስት ደረሰ፤ ከውሃ በቀር በአፏ የዞረ የለም። እየመነመነች ነበር። ሌላ ሰው ልቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

በሠልስቱ እትዬ ስንዱ ከገሳይ መጡ። ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ሲረጋጉ ወደ አበጀ ዞሩ።

«በል ልጄ፣ ዕቃህን ሰብስብ። የከሰዓቱ መኪና እንዳያመልጠን።»

«ሥራ... አለኝ።»

«ሥራ ያስያዘችህ አፈር ገባች። ብትታመም ማን ያይሃል? ማን አለህ እዚህ?»

አበጀ ተነሥቶ ወደ ባልዲው ሄደ። በየቀኑ ቀቅሎ ለለቀስተኛው ያመጣ ነበር። አንድ ድንች አወጣና መላጥ ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። አንዲት ሴት «ላልጥልህ» አለችው፤ ራሱን ነቀነቀ። ጨው ነካ አደረገበት። ከዚያ እማዬ ፊት ተንበረከከና ግራ እጁን ዘረጋ።

እማዬ ያን እጅ አየች። ግራ መሆኑን አየች። ፊቷን ዘወር አደረገች። «ይቅርብኝ ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ እንደዚያ የፋሲካ ቀን ነበር።

«የእኔ... አይደለም» አለ አበጀ። «ይቺ... የእትዬ ዝናሽ ናት። አንድ... አለባት።»

እጁ እየተንቀጠቀጠ ድንቹ ተፈርፍሮ እማዬ ነጠላ ላይ ወደቀ። ሌላ ቁራሽ አነሣ። እትዬ ስንዱ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ፤ እጃቸው ክንዱን ሊደግፍለት ቀድሟቸው ሄዷል። ልጃቸውን አዩት። እማዬን አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ሰብስበው ብብታቸው ሥር አደረጉና ተቀመጡ።

እማዬ ዞረች። አፏን ከፈተች። ቁራሹ አገጯን ነክቶ፣ ከንፈሯን ነክቶ ገባ። እንባዋ እየወረደ አኘከች። ብዙ ጊዜ አኘከች። ሁላችንም እናያታለን።

«ጨው አንሶታል» አለች በመጨረሻ።

«ነገ... እጨምራለሁ» አለ አበጀ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ስንዱን መናኸሪያ አደረስኋቸው። ብቻቸውን ነበሩ። ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ እንዳጋደሙ ደረስን። ከባጃጁ ወርደው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመለሱ።

«ልጄ፣ ነገ ጨው እንዲጨምርበት አደራ አስታውሰው» አሉኝ።

«እሺ እትዬ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን እያሰማ ነበር።

«ተወው» አሉ፣ «ራሱ ያስታውሳል።»